የሁለቱም በዓል ተረኛ

አሶሳ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስቀጠር፣ የበዓል ተረኛ የሚመደብበት ደንብ አጭር ነበር። በኢድ፣ በአረፋና በመውሊድ ክርስቲያኖቹ ይገባሉ፤ በገና፣ በጥምቀት፣ በፋሲካና በመስቀል ሙስሊሞቹ። ደንቡን ያወጡት ኃላፊያችን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። ሰውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሚመስላቸው በስም ይለዩ ነበር።

የእኔ ስም ለሁለቱም ይሆናል። አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ባምባሲ አጠገብ ጎጆ የቀለሱ። ስሜን ያወጡት ከሁለቱም ወገን ዘመድ እንዳይቀየም ብለው ነው። ኃላፊው ኢድ ሲደርስ ስሜን አይተው ክርስቲያን አደረጉኝ፤ ፋሲካ ሲደርስ ያንኑ ስም አይተው ሙስሊም አደረጉኝ። ሦስት ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ገባሁ።

መጀመሪያ ዝም ያልኩት አዲስ ስለነበርኩ ነው። ኋላ ደግሞ ባስረዳ አንዱን ምረጪ እንዳይሉኝ ፈራሁ። እቤት ማንም አስመርጦኝ አያውቅም።

አንድ ዓመት መውሊድ የደመራ ዕለት ዋለ። ሙስሊሞቹ በዓላቸው ነው፤ ክርስቲያኖቹም ከሰዓት ደመራ መውጣት አለባቸው። ኃላፊው ወረቀቱን ሲያገላብጡ ውለው ሁለት ሰው አገኙ። አንዷ እኔ ነኝ። ሌላዋ የወለጋ ልጅ የሆነች አዋላጅ ናት፤ ጴንጤ ስለሆነች ሁለቱም አይመለከቷትም ተባለ።

ከሰዓት አንዲት የበርታ ሴት ምጥ ይዟት በባጃጅ መጣች። ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። አብራት የነበረችው አማቷ፣ በዕድሜ የገፋች ሴት፣ ሕፃኗን አቅፋ ሁለታችንን ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀችኝ።

«አንተ ዛሬ መውሊድ የለም?»

የለኝም አልኳት።

«ደመራም የለም?»

እሱም የለኝም አልኳት። አዋላጇም እንደዚሁ መለሰች። ሴትዮዋ ከልቧ አዘነች። «በዓል የሌለው ሰው» አለች፣ «እንዴት ይኖራል?»

አዋላጇ እውነቷን ነበር። እኔ ግን ዋሽቻለሁ፤ ሁለቱም ነበሩኝ። ሳምንቱን ሙሉ ይህ ሲከነክነኝ ሰነበተና ሰኞ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ቀጣዩን ፋሲካና አረፋ እንዲለቁኝ ጠየቅኳቸው።

«ሁለቱንም?»

«እናቴ የፋሲካ ናት፣ አባቴ የአረፋ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልተናገርሽም?»

«አልጠየቁኝም።»

ከዚያ ወዲህ ሰው የሚፈልገውን በዓል ራሱ እንዲጽፍ ወረቀት አዞሩ። አዋላጇ ገናን ጻፈች። ከጎኑ «ገና እኛም አለን» የሚል ጨመረችበት።

የፋሲካ ዕለት ማለዳ በሚኒባስ ባምባሲ ወረድኩ። ድንገት ልድረስባቸው ብዬ አልደወልኩም ነበር። ቤታችን ተቆልፏል። ጎረቤታችን ወጥታ፣ እናትና አባቴ «ልጃችን እንደሆነች ተረኛ ናት፣ ለሁለት ሰው ምን ዶሮ ይታረዳል» ብለው ቶንጎ አክስቴ ዘንድ መሄዳቸውን ነገረችኝ። ቤቷ አስገባችኝና እዚያ ፈሰክሁ።

ስደውልላቸው እናቴ በራችን ድረስ መምጣቴን ሰምታ አለቀሰች። አባቴ ስልኩን ተቀበላት።

«ለአረፋስ ትመጫለሽ?» አለኝ።

እመጣለሁ አልኩት።

«እንግዲያው ቀድመሽ ደውዪ። እኛም መቅረትሽን ለምደነዋል።»