ጅራፍ የሚያነሣው ክንድ

ወንድሜ የወደቀው ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። ወሩ ጥር ነበር። እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን፣ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ወጥቶ የደብሩን ክዳን በአዲስ ሣር ይቀይር ነበር። ወንድሜ ከላይ ቆሞ ከታች የሚወረወርለትን ሣር ይቀልባል። በእርሻ ጊዜ ቀኝ እጁ ጅራፍ ሲያጮህ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር፤ እዚያ የሚያርሱት ሰዎች ቀና ይሉና "እሱ ወጥቷል" ይባባሉ ነበር። ያን ቀን አንዱን የሣር እስር ሊቀልብ ሲንጠራራ እግሩ ከማገሩ ተንሸራተተ። በቀኝ ትከሻው ወደቀ።

"ታቦቱ ደግፎት ነው እንጂ አንገቱ ነበር የሚሰበር" አሉ ሰዎቹ። እናቴ አመሰገነች። እኔም አመሰገንኩ። ያን ምስጋና አሁን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

እኔ ያኔ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር፤ ለጥምቀት መጥቼ ነው የደረስኩት። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባቴ እሱ ነው። እኔ እንድማር እሱ አረሰ። ከዚህ ሌላ እንዴት እንደምናገረው አላውቅም።

ወጌሻው ተጠሩ። የአባታችንንም እግር የጠገኑ፣ ያገሩን አጥንት ሁሉ በእጃቸው የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ደህና አድርገው አሰሩት። ስብራቱ ግን ከትከሻው ሥር ነበር፤ ማሰሪያ የማይጨብጠው ቦታ። ሲተኛ አጥንቱ ይንሸራተታል፤ ሲነሣ ይንቋቋል። እንደ ሰነበተም አልረጋ አለ። ወጌሻው ለሌላ ስብራት ማዶ ተሻግረው ስለነበር፣ ሳንነግራቸው በበቅሎ ጭነን ደብረ ታቦር፣ ከዚያም በጭነት መኪና ጎንደር አደረስነው።

ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጠችው። ወንድሜ ወለሉ ላይ የወደቀውን ስንጥር አየና "ልቀምልኝ፤ ይዤላቸው ልመለስ" አለኝ። ጎንበስ ስል የጽዳት ሠራተኛዋ ጠርጋው ነበር።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አስተርጓሚው እኔ። ራጁን በመስኮቱ ብርሃን አሳየን። የክንዱ ራስ ከግንዱ ተለይቶ፣ መካከሉ ተፈረካክሷል። "ብዙው ሰው እጁን አንጠልጥሎ ቢያርፍ ይድናል፤ ይኼ ግን አይረጋም" አለ። ቆዳውን ከፍቶ አጥንቱ ላይ ጠፍጣፋ ብረት ያስደግፋል፤ ብረቱን በብሎን ያስረዋል።

"ይዝጋል ወይ በለው" አለኝ ወንድሜ።

"አይዝግም ይላል።"

"ደግ። ማጭድ ሆኜ እንዳልቀር ብዬ ነው። ጅራፍስ ያነሣል ወይ በለው።"

ጅራፍ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አጣሁት። ተነሥቼ መሃል ክፍሉ ውስጥ የሌለ በሬ ነዳሁ፤ የሌለ ጅራፍ ከራሴ በላይ አዞርኩ። ሐኪሙ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። ከዚያ ሐኪሙ ሳቁን ተወና "ይሆናል፤ ግን በቀስታ" አለ። "ማንም እንዳይስበው፤ ማንም እንዳያሸው። ብረቱ አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ይይዝለታል እንጂ ብቻውን አይችልም።" ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጎንበስ ብሎ ክንዱን እያንጠለጠለ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝም አስተማረው።

አገር ቤት ተመልሶ ይህንኑ ያደርግ ነበር። በግራ እጁ አጥር ተደግፎ፣ ቀኙን እንደ ጽና ያወዛውዛል። አንድ ጎረቤታችን ሲያልፍ አየውና "ዲያቆን! ዕጣኑ የታል?" አለው።

"አንተ ፍም ሁንልኝና ላጭስህ" አለ ወንድሜ። ሳቁ። በማግሥቱ ግን ከቤቱ ጀርባ ሄዶ ያወዛውዝ ጀመር።

ለፋሲካ ስመጣ ክንዱ እስከ ደረቱ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ ይላል። የሰው ማሳ ለመጀመሪያ እርሻ መገመስ ጀምሯል። የእኛ በሬዎች ቆመው ያመሰኳሉ። ያው ጎረቤታችን በደግነት "የዘንድሮን እኔ ልረስልህ፤ ምርቱን እኩል እንካፈላለን" ብሎት ነበር። ለወንድሜ የአባቱን ርስት ሌላ ሰው ሲያርስ ቆሞ ማየት ማለት ነው።

በበዓሉ ሳምንት ወጌሻው ሊጠይቁት መጡ። በእኛ አገር ያሰረ ወጌሻ ራሱ ይፈታል። ሲፈታ በቅቤ ያሻል፣ ክንዱን ይስባል፣ "ሥራበት" ብሎ ይመርቃል። ያሰረው ሳይመርቀው የቀረ እጅ ታስሮ ይቀራል ይባላል።

"እኔ ያሰርኩትን ማን ፈታው?" አሉ።

"መቀስ ፈታው፣ አባባ" አለ ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ።

"መቀስ! መቀስ ይመርቃል እንዴ? ታዲያ ለዚህ ነዋ የማይነሣ።"

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "እንዳይሳብ ብሏል ሐኪሙ። ውስጡ ብረት አለበት።"

"አንተ ደግሞ ቀንበር እንኳ ተሸክመህ አታውቅ፤ ስለ ትከሻ ታስተምረኛለህ?"

እናቴ "ዝም በል፣ ሽማግሌ ፊት!" አለችኝ።

"ተይው፣ አልቆጣሁም። ፊደል ይዞት ነው" አሉ። እውነትም አልተቆጡም። ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። "አያ፣ አብረን ሰምተናል እኮ።"

"ሰምቻለሁ" አለኝ። "ሐኪሙ ስለ ብረቱ ነገረኝ። ሰኔ ሲመጣ ምን እንደምሆን አልነገረኝም።" ጋቢውን አወረደና ክንዱን ሰጣቸው።

እሳቸው ጨካኝ አልነበሩም። ይህን መጻፍ አለብኝ። ቅቤውን በመዳፋቸው አሟሙቀው፣ ሕፃን እንደሚያሹ እያሹ ቆዩ። ከዚያ በአንድ እጃቸው ትከሻውን ተጭነው፣ በሌላው ሳቡ። ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ወጣ። ሁላችንም ሰማነው።

"ይኸው ተፈታ! ሥራበት!" አሉና ክንዱን ወደ ላይ አነሡት። ከራሱ በላይ ወጣ። እናቴ እልል አለች። ወንድሜ ፊቱ በላብ ተጠምቆ ይስቅ ነበር። እኔ... ለአፍታ እኔም ደስ አለኝ። ለካ ክንዱ የተነሣው ድኖ አልነበረም፤ ብሎኑ ተነቅሎ አጥንቱ እንደገና ስለ ተለያየ ነው።

ማታውኑ አበጠ። "የሚፈታ እጅ ያብጣል" ተባለ። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ክረምቱ ሲገባ መልእክተኛ መጣብኝ። ስደርስ ጠባሳው ተከፍቶ መግል ይወርዳል፤ በመግሉ መሃል የብረቱ ጫፍ ያብለጨልጫል። ሰውነቱ እሳት ነው።

በቃሬዛ ይዘነው ወጣን። ወጌሻውም መጡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጭቃ፣ ክንዱ እንዳይናወጥ በሁለት እጃቸው ደግፈው ከቃሬዛው ጎን ይሮጡ ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቷል። እስኪጎድል ብለን ዳሩ ላይ አሳረፍነው። ወንድሜ በሬ ይነዳ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ "ሳብ... ዙር... ወዲህ..." ይላል በሹክሹክታ። እንደ ነዳ ዝም አለ። ወንዙ ገና አልጎደለም። ወጌሻው ክንዱን አልለቀቁም፤ ሰው እጃቸውን ይዞ እስኪያስለቅቃቸው ድረስ።

የተቀበረው እዚያው ከወደቀበት ደብር ነው፤ ክዳኑን ሌላ ሰው ጨርሶታል። ብረቱም አብሮት ነው።

ወጌሻውን የወቀሳቸው የለም። እኔም አልወቀስኩም፤ ወቅሼ ቢሆን ምናልባት ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስብራት አይነኩም። ሰው ሲጠራቸው "ታምሜያለሁ" ይላሉ። አሁን በመንደራችን አጥንት የሚያስር የለም፤ ሆስፒታሉም እንደ ራቀ ነው።

እኔ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። በሬዎቹን የምነዳ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን እሱን ፈልገው ይሁን እኔን ንቀው እንጃ፣ አልንቀሳቀስ አሉኝ። ክንዴ ጤነኛ ነው፤ ጅራፉን እስከ ላይ አነሣዋለሁ፣ ምንም አይዘኝም። ግን አላጮኸውም። በጨንገር እየነካሁ ነው የማርስ። ማዶ ያሉት ሰዎች ሰምተው፣ እሱ መስሏቸው ቀና እንዳይሉ።