የባለዲግሪው ሃያ ዘጠኝ

የእህቴን ባል "ባለዲግሪው" ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ለስድብ ያልኩትን እሱ ለሙገሳ ወሰደው። ዩኒቨርሲቲ በደጁም አላለፈም። "ሌላው ሰው ዲግሪ አለኝ ብሎ ይኮራል፤ እኔ ግን ዲግሪ የምቆጣጠር ሰው ነኝ" ይላል እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ እስኪሳቅለት ድረስም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሥራው አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። ክትባትና መርፌ የሚቀመጥበትን ቀዝቃዛ ክፍል ሙቀት ጠዋትና ማታ አይቶ በሩ ላይ በተሰቀለው ቅጽ ይሞላል። አለቀ። ለዚህች አንዲት ቁጥር ብሎ ነጭ ጋዋን ይለብሳል፤ ጋዋኑን የምታጥበውና የምትተኩሰው ደግሞ እህቴ ናት።

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት፣ መስኮቱ ሥር፣ አንዲት ትንሽ የዓሣ ገንዳ አለቻት፤ ውስጧ ሰባት ዓሦች ነበሩ። መርፌ ላይ ክር አስገብታ ቀና ስትል እነሱን ታያለች። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏ ደግሞ ከሥራ ሲመጣ የሚያወራው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው። ስለዚህ ዓሦቹ ለእሷ ጌጥ አልነበሩም። ትልቋን ቀይ ዓሣ፣ ምግብ ሲጣልላት እንኳ ስለማትቸኩል፣ "ወይዘሮ" ትላታለች።

ብርዱ ሲጠና ወይዘሮ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጣባት፤ ጨው የተነሰነሰባት ትመስላለች። ገላዋን ጠጠሩ ላይ እያሻሸች ትዋኝ ጀመር። እህቴ በስልኳ ፎቶ አንስታ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሮጠች። ጥገኛ ተባይ ነው አላት። ቆዳዋ ሥር ስለተሸሸገ እዚያ እያለ መድኃኒት አይደርስበትም፤ ጠግቦ ሲወድቅ ጠጠሩ መሃል ይባዛል፣ የተፈለፈሉት ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲወጡ ነው መድኃኒቱ የሚያገኛቸው። ውሃው ሲሞቅ ይህ ሁሉ ይፈጥናል። ስለዚህ ከሃያ አምስት ወደ ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ አውጪው፣ ግን በአንድ ቀን ከሁለት ዲግሪ አታሳልፊ አላት። ነጠብጣቡ ቢጠፋም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንዳታቆም፣ የሞቀ ውሃ አየር ስለሚያጥረው ፓምፑን እንዳታጠፋ፣ ጠዋትና ማታ ለክታ እንድትጽፍ አስጠነቀቃት። እህቴ ሁሉንም የደንበኞቿን ልኬት በምትይዝበት ደብተር ላይ ጻፈች። ወገብ ስትለካ አንድ ሳንቲሜትር የማትስት ሴት ናት። የገንዳውን ማሞቂያ ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገች፣ በሦስተኛው ቀን ውሃው ሃያ ዘጠኝ ገባ።

በአራተኛው ቀን እኔ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። ከእሷ ሌላ የሚያስታምመኝ ስለሌለ ለአሥር ቀን እኔ ቤት መምጣት ነበረባት። መጣች፣ ልቧ ግን እዚያው ቀረ። ወይዘሮ ከሞተችብኝ እዚያ መኪና ላይ መቀመጥ አልችልም አለችኝ፤ አልሳቅኩባትም።

ባለዲግሪው ስጋቷን እንደ ንቀት ቆጠረው። ለሌላ ነገር ብትሰጊ ይሁን፣ ሙቀት ለእኔ? አላት። ራሷ ያስረዳችውን መልሶ ለራሷ አስተማራት፤ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለ፣ ጣቱን ቀስሮ። እሷም የአሥር ቀን ወረቀት አስምራ፣ እስክሪብቶ በክር አስራ፣ ገንዳው ጎን ለጠፈችለት።

ከዚያ ስልኩ ተጀመረ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ ሃያ ዘጠኝ። ማታ ትደውላለች፤ ሃያ ዘጠኝ። ዓሦቹስ? ሁሉም ደህና። እኔ ቤት በመጣች በአምስተኛው ቀን ሰፈራቸው ከጠዋት እስከ ማታ መብራት ጠፍቶ መዋሉን ጎረቤቷ ነገረቻት። ለባሏ ደወለች፤ ሃያ ዘጠኝ። እኔ የተሰፋ ሆዴን ይዤ፣ ባልሽ ፀሐይ ነው እንዴ? አልኳት። ተቆጣች። "አንቺ ድሮም አትወጂውም" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልወደውም። እኔን የሚያበግነኝ ግን ቁጥሩን በሰማች ቁጥር ፊቷ መፍካቱ ነበር። ያንን ፊት ከሶፋው ሳይነሳ ነው የሚያገኘው።

በዘጠነኛው ቀን ደህና መራመድ ስለቻልኩ፣ ሳንደውልለት እንሂድ ብዬ ነዘነዝኳት። እሑድ ነበር። ባለዲግሪው ኳስ እያየ አገኘነው። ከገንዳው በኩል ምንም ድምፅ አይሰማም። ማከፋፈያው ላይ የማሞቂያውም የፓምፑም ሶኬት ተነቅሏል። ለምን? ፓምፑ እየጮኸ ጨዋታውን አላሰማ አለኝ አለ። ማሞቂያውስ? አብሮ ተነቅሎ ይሆናል አለ፣ ዓይኑን ከኳሱ ሳያነሳ። ውሃው ውስጥ ያሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ሽንት ቤት ለቋቸዋል፤ ያልነገራት እንዳትጨነቅ አስቦ ነው አሉ። ወይዘሮ ዱቄት እንደተነፋባት ሆና፣ ጠጠሩ ላይ በጎኗ ተኝታ፣ የምትተነፍስበትን ስንጥቧን ብቻ ከፈት ዘጋ ታደርጋለች።

ወረቀቱን አነሳሁት። ከላይ እስከ ታች ሃያ ዘጠኝ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ። የነገው ሳይቀር ተሞልቷል።

"የነገ ማታው ሃያ ዘጠኝ ከየት መጣ?" አልኩት።

"ዋርሳዬ፣ ቅጽ እንዲህ ነው የሚሞላው" አለኝ፣ ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዳ። "ሥራ ቦታም ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን አንዴ ሞልቼ እገላገላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም ምን አላለኝም።"

አላፈረም፤ ጭራሽ የሙያ ምስጢር ያካፈለኝ መስሎታል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ይኼ ነው። አፌን ከፍቼ ልወርድበት ስል እህቴ ቀደመችኝ።

"ና፣ አንብበው" አለችው። እሱ ወረቀቱን ተመለከተ።

"ከወረቀቱ አይደለም። ከውሃው።"

ተነስቶ ጎንበስ አለ። ቴርሞሜትሩ መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ፣ ዓይኑን አጨነቆረ፣ አንገቱን ወዲህና ወዲያ አደረገ። ኳሱ ገብቶ ሰው ሲጮህ እንኳ አልዞረም።

"አይታየኝም" አለ በመጨረሻ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

ዓይኖቹን አሻሸ። መነጽር ሽማግሌ ያስመስላል ብሎ ስንቴ እንደተከራከረ ሁለታችንም እናውቃለን። እህቴ የስፌት መነጽሯን አድርጋ ራሷ አነበበችው፤ ሃያ አንድ። ማሞቂያውን ሰካች፣ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ዝቅ አደረገችው፣ ፓምፑንም አስነሳች። አንደኛዋ ዓሣ ወደ አረፋው ተጠጋች። ወይዘሮ ግን ሳይመሽ ሞተች፤ እህቴ በማንኪያ አውጥታ በቁራጭ ጨርቅ ጠቀለለቻት። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ከንዴት።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣ ነገ አብሬህ ሥራ ቦታህ እገባለሁ አለችው። የዚያን ክፍል ቁጥር በመነጽሬ አነብና ለአለቃህ እነግረዋለሁ አለች።

"ለዓሣ ብለሽ ከሥራ ልታስባርሪኝ?" አለ።

"ዓሣው የኔ ነበር" አለችው። "መርፌውን ግን የሚወጋው የሰው ልጅ ነው።"

ይሳቅለት እንደሆነ ወደ እኔ አየ። ጠዋት ሁለቱም ወጡ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ጋዋኑን በክንዱ ይዞ ከኋላ።