የደፈንኩት ጉድጓድ

ሙያህን ማን አስተማረህ ብትሉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው እላለሁ፤ አንዷ አስተማሪያችን የነበሩ ነርስ፣ አንዱ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ይኖሩ የነበሩ ሸማኔ። ሁለቱን ባሰብኩ ቁጥር አመሰግናለሁ፤ ትንሽም አፍራለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጉለሌ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ስድስት ሆነን እንሠለጥን ነበር፤ አእምሯቸው የታወከባቸውንና ጭንቀት እንቅልፍ የነሳቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄደን እንድንረዳ። አስተማሪያችን ከመምከራችሁ በፊት ጠይቁ ይሉን ነበር። እኔ ግን መምከር እወዳለሁ። የሰፈሩ ሰው ነጭ ጋዋኔን አይቶ "ዶክተር" ሲለኝም አላርምም፤ እንዲያውም እርምጃዬን ዝግ አደርግ ነበር።

ሸማኔው የሟች ወንድማቸው ድምፅ ሰው በሌለበት ይሰማቸዋል። ድምፁ ሲሰድባቸው፣ ሲወቅሳቸው ይውላል። ክኒን ጀምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ወጥተው ጸበል ይጠመቁና ተመልሰው ይሸምናሉ። መጀመሪያ ቤታቸው የገባሁ ዕለት፣ እንደ ሸማኔ ሁሉ እግራቸውን ወለሉ ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሰደው፣ መርገጫውን እየረገጡ፣ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እየላኩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ቢሰማ ምን ይገርማል ብዬ ፈረድኩ። ሥራው በሽታውን እያባሰው ስለሆነ ማረፍ አለባቸው፣ ጉድጓዱም ይደፈን ብዬ ባለቤታቸውን አዘዝኩ። ጋዋን የለበሰ ሰው ተናግሮ ማን እምቢ ይላል? ጎረቤት ተጠርቶ የሽመናው ዕቃ በዚያው ቀን ተነቀለ፤ ጉድጓዱም ተደፈነ። አፈሩን ረግጬ ያደላደልኩት እኔው ነኝ።

በሁለት ሳምንቴ ስመለስ ሸማኔው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። እህል ከቀመሱ ሦስት ቀናቸው ነው፤ ከድምፁ ጋር ያለ ዕረፍት ይጨቃጨቃሉ። ባለቤታቸው አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዕረፍቱ ገና ስንት ቀን እንደቀረው ብቻ በትሕትና ጠየቁኝ። ሰውየው በእኔ ምክር ሊሞቱ ነው ብዬ ፈራሁ።

እየሮጥኩ ሄጄ ለአስተማሪያችን ሁሉንም ተናዘዝኩ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን አነሱና "ድምፁ ሲመጣባቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠይቀሃቸዋል?" አሉኝ። አልጠየቅኩም።

እንደደረስን አስተማሪያችን ከመደቡ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያንኑ ጥያቄ ለሸማኔው አቀረቡ። ከዚያ ዝም ብለው ጠበቁ። እኔ ብሆን በዚያ ዝምታ መሃል ሦስት ምክር እሰጥ ነበር።

"እረግጣለሁ" አሉ ሸማኔው በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ። "እግሬ ሲረግጥ፣ እጄ ሲወረውር ራቅ ይልልኛል። አሁን የት ልርገጥ?"

አስተማሪያችን ከጎረቤት አካፋ አስመጡና እጄ ላይ አኖሩት። እግዜር ይስጣቸው፣ ደብዳቤ ጽፈው ሊያሰናብቱኝ ሲችሉ አካፋ ሰጡኝ። ከነጋዋኔ ቆፈርኩ። በር ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች፣ ዶክተሩ ቀን ሠራተኛ ሆነ እያሉ ሳቁብኝ። ጉልበቴ ድረስ ከቆፈርኩ በኋላ የበቃ መስሎኝ ቆምኩ። ይሄኔ ሸማኔው ከመደቡ ተነሱ። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ መጥተው አንድ እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰደዱና "ገና ነው፤ አንድ ስንዝር ጨምር" አሉኝ። እያለቀስኩ ጨመርኩ። ማታውን እህል እንደቀመሱ ባለቤታቸው ነገሩኝ።

በሳምንቱ ስሄድ ዕቃው ተተክሎ፣ ድሩ ተወጥሮ አገኘኋቸው። ክኒናቸውንም አላቋረጡም። ያን ቀን ምንም ምክር አልያዝኩም። ከጉድጓዱ አፍ ቁጭ ብዬ ረጅም ጊዜ ሲሠሩ አየሁና "ጋሼ፣ ድምፁ ዛሬም አለ?" አልኳቸው።

"አለ" አሉኝ፣ መወርወሪያውን ሳያቆሙ። "ግን ሥራ ላይ ነኝ።"