ባለ ትራሷ ወንበር

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት... ያ የድሬ ሙቀት አናት ላይ በሚወጣበት ሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነበር። የባለቤቴን የሰባት ዓመት መታሰቢያ ወረቀት ላሠራ።

ጽሑፉን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደልን የለቀምኩት ስኳርና በርበሬ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ አንዲት ቃል እንዳትበላሽብኝ ከልጅቷ ጎን ተለጥፌ ስክሪኑን አነባለሁ።

ልጅቷ ሆዳን ትባላለች፣ ሶማሌ ናት። «ኤዶ» እያለች ነው የምትጠራኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። እንደ ድሬ ልጅ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም።

መጀመሪያ ከጽሑፉ ጀርባ ሰማይ አደረገችበት። ደመና፣ ሁለት ርግብ፣ ከታች ሻማ። ፊደሎቼ ደመናው ውስጥ ገብተው ጠፉ።

«ሆዳን፣ ጽሑፌን ደመና በላው እኮ!»

«ቆይ ኤዶ፣ አትቸኩዪ። ሰማዩን ወደ ኋላ እልከዋለሁ፣ ከዛ አደበዝዘዋለሁ። ፊደልሽ ፊት ይመጣል።»

«ርግቦቹስ?»

«ርግብ ደግሞ ምን አደረገሽ? ለክርስቲያኑ ሁሉ ርግብ ነው የማደርገው፤ እስካሁን የከሰሰኝ የለም።»

«የኔ ባል ርግብ አይወድም ነበር። ቆርቆሯችን ላይ እየተራመዱ የቀን እንቅልፉን ይነሱት ነበር።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን።

ከዛ የፎቶው ተራ ደረሰ። ቤቴ ግድግዳ ላይ ያለው ጉርዱ ነው፤ ለቀብሩ ከደረት በላይ ተቆርጦ የታተመው። ሆዳን «ይሄ አይጠራም» ስላለችኝ፣ ያነሳው የባለቤቴ ወንድም ዋናውን ከስልኩ ፈልጎ በቴሌግራም ላከላት። ሙሉውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ግቢያችን ነው። ባለቤቴ ተቀምጦ ይስቃል። ከኋላው ራቅ ብላ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ሳፋ ላይ አጎንብሳለች።

«ይቺ ልብስ አጣቢያችሁ ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ወላሂ አላወቅኩሽም!» አለች አፏን ይዛ።

ያን ቀን አኩርፌው ነበር። ምክንያቱን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል... ለሥራ መልካ ጀብዱ ሄዶ፣ እዚያው ያለችውን እናቴን ሳይጠይቃት ተመለሰ ብዬ ነው። ሦስት ቀን ዘጋሁት። ወንድሙ ስልኩን ሲያወጣ «ነይ አብረን እንነሳ» ብሎ ጠራኝ። ዞር ብዬም አላየሁት።

«ልብስ እያጠብኩ ነው» አልኩ።

በማግስቱ ሥራ ቦታው ላይ ወድቆ ቀረ። ሳንታረቅ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር።

«እሱን ብቻ ላስቀርና የኋላውን ላጥፋው?» አለች ሆዳን።

«አጥፊው። ከኔ ጀምሪ።»

ማውሱን ነካ ነካ አደረገች። መጀመሪያ ሳፋው ጠፋ፣ ከዛ እኔ ጠፋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ... ቀለል አለኝ።

«ወንበሯንስ?»

«የቷን ወንበር?»

አጎላችው። ከእሱ አጠገብ በግራ በኩል አረንጓዴዋ የፕላስቲክ ወንበሬ አለች፣ ባዶዋን። ላይዋ ላይ ትራሴ አለች። ወገቤን ስለሚያመኝ ያለሷ የማልቀመጥ፣ አበባ የተጠለፈባት ትራስ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ነበር የማሳድራት፤ በራሷ እግር ግቢ አትወጣም።

እና... ከመጥራቱ በፊት ገብቶ ወንበሬን አውጥቷል። ተመልሶ ገብቶ ትራሴን አምጥቷል። አስተካክሎ አስቀምጦ፣ ከዛ ነው «ነይ» ያለኝ። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ወንድሙ ፊት ላለማፈር የጠራኝ ነበር የሚመስለኝ።

«ኤዶ? ላጥፋት?»

ሳላስበው እጇን ያዝኩት።

«ሆዳን... እኔን መመለስ ይቻላል?»

«ይቻላል፤ ገና ሴቭ አላደረግኩትም።»

አንድ ሁለቴ ተጫነች። ተመለስኩ። ጀርባዬን እንደሰጠሁ።

ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ሆዳን ቬንቲሌተሩን ወደ እኔ አዙራ፣ ከራሷ ኮዳ ውኃ ቀዳችልኝ።

«ሰማዩንም ርግቡንም አንሺልኝ» አልኳት ሲቆይ። «ሙሉ ፎቶው ነው ከጽሑፉ ጀርባ የሚሆነው።»

«ካላደበዘዝኩት ፊደልሽ አይነበብም፣ ኤዶ።»

«እኔን አደብዝዢ። እሱንና ወንበሯን ግን እንዳትነኪ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለችበት። ምን ብታደርግ ግን አንድ መስመር እየተንሸራተተ ወንበሯ ላይ ያርፋል። አነበብኩት። «ከባለቤቱ ጋር በፍቅርና በስምምነት ሲኖር» ይላል። ሰው ሁሉ የሚያጽፈውን አይቼ የጻፍኩት ነው።

«ይቺን ሰርዣት» አልኩ። ቦታ ተገኘ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቱን ስናድል፣ አንዲት የእድራችን ሴትዮ መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየችው።

«አሠራሩ መቼም ያምራል። ይቺ ባዶ ወንበር ግን ምን ትሠራለች? ልጅቷ ማጥፋት አቅቷት ነው?»

«የኔ ናት» አልኳት። «ነይ ተብዬ ነበር።»

ወረቀቱን ሳታጥፈው ነጠላዋ ውስጥ ያዘችው።

ያን ቀን ያጠብኩት ልብስ ግን... ለነገ ቢቆይም ይደርስ ነበር።