የተጣራ ውሃ ጀሪካን

አማካሪዬ የሰጡኝ የመጨረሻ ዕድል ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቡናማ ፈሳሽ አንድ ወር ሳይዘቅጥ ከቆየ ትምህርቴን እጨርሳለሁ፤ ከዘቀጠ ማራዘሚያ የለም። ፈሳሹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ማግኔት የሚስባቸው የብረት ቅንጣቶች አሉ። አንድ ቀን በደም ሥር ገብተው ሐኪም ዕጢን በምስል እንዲለይ ይረዳሉ ብለን ነው የምንደክመው። ችግራቸው እርስ በርስ መፈላለጋቸው ነው። በሎሚ አሲድ ካልሸፈንኳቸው ተያይዘው ይወርዳሉ፤ የተያያዘ ብረት ደግሞ ደም ሥር ይዘጋል እንጂ ማንንም አያድንም። ሦስት ዓመት ለፋሁበት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከሥር እንደ ጠላ አተላ ተቀምጦ አገኘሁት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ቅንጣቶቹን ካጠብኩበት ውሃ ጀሪካኑ ውስጥ የተረፈውን በመሣሪያ ስለካው የቧንቧ ውሃ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ትዝ አለኝ። አዳማ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ባዶ ጀሪካን እያየ ዝም ብሎ የሚያልፍ የናዝሬት ልጅ የለም። እኔም አላለፍኩም። ለተጣራ ውሃ ብቻ የተቀመጠውን ጀሪካን፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ እያለ፣ በገዛ እጄ ሞልቼዋለሁ። የቧንቧ ውሃ ጨው ሽፋኑን እንደሚያበላሸው ለተማሪዎች የማስተምረው ደግሞ እኔው ነኝ!

ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው የቧንቧ ውሃ መሆኑን ለአማካሪዬ ስነግራቸው «ማን ነው የሞላው?» አሉ። በሩ አጠገብ ወለል ይወለውሉ የነበሩት የጽዳት ሠራተኛ፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት፣ ቀና አሉ። የሕንፃውን ጀሪካን ሁሉ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ዶክተር። ውሃ መጣ ብዬ እኮ ነው። ልጅቷን አይቆጧት።»

አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። በጣም ደክሞኝ ነበር፤ ከድካሜ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጥ ነበር። አማካሪዬ ሴትዮዋን እፊቴ ተቆጧቸው። ለእኔ አዲስ አንድ ወር ሰጡኝ።

አሁን አዲሱ ጠርሙስ ሃያ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ አልዘቀጠም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «አካም ቡልቴ፣ ልጄ? መድኃኒትሽ ደህና አደረ?» ይሉኛል። በቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ቡድን ስሜን እየጠሩ፣ «በእኔ ጥፋት ልጅቷ እንዳትወድቅ» ብለው ጌታን እንደሚለምኑ ትናንት ነገሩኝ።

«አሜን» አልኳቸው።