ከበሩ ስልሳ እርምጃ

ካርታ ነበር የሚሉት። ፖስታ ቤት ውስጥ ቅጽል ስም ያልወጣለት ሰው የለም፤ የእሱ ግን ማሾፊያ ሳይሆን ማዕረግ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከትንሿ ከተማቸው ወደ ትልቋ ከተማ የሚላከውን ደብዳቤ በየሰፈሩ የሚለየው እሱ ነው። መቶ አርባ ክፍል ካለው የእንጨት መደርደሪያ ፊት ይቆማል፤ አድራሻውን በጨረፍታ ያያል፤ ፖስታውን ወደ ክፍሉ ይወረውራል። መሳት ብሎ ነገር የለም። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ዓይኑን በመሐረብ አስረው «እስቲ ካርታ፣ ላይ ገበያ የት ነው?» ይሉታል። እጁን ዘርግቶ ክፍሉን ይነካል! ትልቋን ከተማ ግን አንድ ቀን እንኳ ረግጧት አያውቅም። እስቲ አሁን ይሄ ይታመናል?

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ልቧ ደካማ ስለሆነ ሐኪም ደረጃ እንዳትወጣ፣ ረጅም መንገድ እንዳትሄድ ከከለከላት ሁለት ዓመት አልፏል። ካርታ ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር አንድ ከሰዓት ከስፌት መኪናዋ ቀና አለችና ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «ትልቋን ከተማ ውሰደኝ፤ ሁለት ሌሊት አድረን እንመለሳለን» አለችው።

ከተማ አምሯት እንዳልሆነ ገብቶታል። ታላቅ እህቷ እዚያ ናት፤ ወንዝ ዳር በሚባለው ሰፈር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። እቴቴ ነው የምትላት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ከሰባት ዓመት በፊት እቴቴ ጉልበቷ ሲከዳት ስልክ ደውላ «ከእናንተ ጋር ልኑር ወይ?» ብላ ጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ «ቤታችን ጠባብ ነው» የሚል ሆነ። ስልኩ ላይ የተናገረችው ሚስት ናት፤ እንዲህ በያት ያለው ግን ባል ነው። እቴቴ «ይሁን» ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲያ አንዷ እህት የሌላዋን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት እንዲህ ነው።

እና ከወር በፊት የመጦሪያው ነርስ ደወለች። እቴቴ መርሳት ጀምራለች። «ጠዋት ደህና ናት» አለች ነርሷ፤ «ሁለት ሰዓት በሩ ሲከፈት ሰው ትለያለች። ሦስት ተኩል ካለፈ ግን እኔንም አታውቀኝም። ያቺም ሰዓት እያጠረች ነው፤ እንዳትዘገዩ።»

አንድ ማታ ደርሰው፣ ሁለት ጠዋት አግኝተው ሊመለሱ ነው። ሁለት ጠዋት ብቻ! እንግዲህ የት ሰፈር እንደሚያርፉ መምረጡ የመዝናናት ጉዳይ አልነበረም።

«እዚያው ወንዝ ዳር እንደር» አለች ሚስት።

«ወንዝ ዳር ምን አለ? ሆስፒታልና ጋራዥ! እንደ ሰው እንረፍ እንጂ።»

«ጣቢያ ሰፈርስ? ከአውቶቡስ ስንወርድ…»

«ኧረ በሞቴ! ጣቢያ ሰፈር የሚሄደው የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ላይ ገበያ ነው የምናርፈው። የሰርግ ጥሪ የሚጎርፍበት ሰፈር ነው፤ በረንዳና አሳንሰር ያለው ማረፊያ አግኝቻለሁ። ከእህትሽ ከእትዬ ደጃፍ ደግሞ አጠገብ ነው።»

«አጠገብ ስትል?»

«አጠገብ ነዋ! ግድግዳ ለግድግዳ።»

«ለማንኛውም ሰው ብትጠይቅ ምናለ?»

«እኔ? ካርታ? ሰው ልጠይቅ?»

አለማወቅ ሳይሆን አውቃለሁ ማለት ነው ሰውን ገደል የሚከተው፤ ሚስት ግን ይህን አልተናገረችም። ለእቴቴ የሰፋችውን የሌሊት ልብስ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተች።

ላይ ገበያ እንዳለውም ያምር ነበር። ከበረንዳው በታች አበባ ሻጮች አሉ፤ አንሶላው ነጭ ነው። በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጡ። ካርታ የመሥሪያ ቤቱን ሰማያዊ ኮት ለብሷል፤ ለክብር ቀን ሌላ ኮት የለውም። «ይቺን ጥግ ስንዞር ነው» አለ። ዞሩ፤ የለም። «እንግዲያ ያቺኛዋን ነው።» ያቺም አይደለችም። በአራተኛው ጥግ ላይ ሚስት እጇን ግድግዳ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። ከንፈሯ ገርጥቷል። መንገድ የምትጠርግ ሴት መጥረጊያዋን አቁማ አየቻቸው።

«ምን ጠፋባችሁ አባቴ?»

«ወንዝ ዳር» አለች ሚስት፣ ባሏን ሳትጠብቅ።

«ወንዝ ዳር! እናቴ ድረሽ! እሱ እኮ የከተማው ዳር ነው፤ በዚያ ማዶ። በዚህ ሰዓት በታክሲም ቢሆን ከሰዓት በላይ ይፈጃል።»

ካርታ ክው አለ። መደርደሪያው ዓይኑ ላይ መጣ። ላይ ገበያና ወንዝ ዳር ጎን ለጎን ናቸው፤ ደረቱ ትክክል፣ ግድግዳ ለግድግዳ። ግን ለምን ጎን ለጎን ሆኑ? የድሮው አለቃ ነበሩ እንዲያ ያደረጉት፤ ብዙ ደብዳቤ የሚሄድባቸውን ሰፈሮች፣ ክንድ እንዳይዝል ብለው፣ መሃል ላይ ሰበሰቧቸው። አንዱ ሰርግ ይበዛበታል፤ ሌላው በሽተኛ ይበዛበታል። ዝምድናቸው ይኸው ብቻ ነው። ይህን ካርታ ራሱ በመጀመሪያው ሳምንት ተምሮታል፤ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ እጁ ብቻ ቀረና ጭንቅላቱ ረሳው። ከተማይቱ የእንጨት ሣጥን ሆና ቀረችበት።

ታክሲው ተንፏቆ ተንፏቆ ሲደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እቴቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ መንምና የሕፃን ያህል ሆናለች።

«እቴቴ» አለች ሚስት፣ ተንበርክካ።

እቴቴ በትህትና ቀና አለች። «ደህና አደሩ እመቤቴ። ማንን ፈልገው ነው?»

አዝላ ያሳደገቻት ልጅ አንቱ ተባለች። ካርታ ማየት አቅቶት ፊቱን አዞረ። ሚስት ግን አላለቀሰችም፤ ወንበር ስባ ከእህቷ አጠገብ ተቀመጠች። «ማንንም አይደለም» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አንድ ጠዋት ነው የቀረኝ» አለችው። ብትጮህበት በተሻለው ነበር።

ወጣ። ሠላሳ አራት ዓመት የቤት በር አንኳኩቶ የማያውቀው ሰው ያን ቀን የወንዝ ዳርን በር አንድ በአንድ አንኳኳ። ማንንም አላለፈም፤ ቆራሌውንም፣ የሆስፒታሉን ዘበኛም፣ ልብስ የምታሰጣዋንም ጠየቀ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጥሩ ክፍል አለ አሉት፤ ደረጃ ነው፣ አይሆንም። መጨረሻ ላይ አንድ ጎሚስታ ጎማ ከሚጠግንበት ቤት ጓሮ ያለችውን ክፍል አሳየው። አልጋዋ ጠባብ፣ ግድግዳዋ እርጥብ ናት፤ ጎማ ጎማ ትሸታለች። ደረጃ ግን የላትም። ካርታ ከክፍሏ ደፍ እስከ መጦሪያው በር በሚስቱ አካሄድ፣ ቀስ እያለ፣ ሁለት ጊዜ ለካ። ስልሳ እርምጃ።

አመሻሹ ላይ ሻንጣቸውን አምጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጎሚስታው ውጭ ጎማ ይመታል።

«ሰው ያልጠየቅሁት» አለ ካርታ፣ «ኩራት ብቻ እንዳይመስልሽ። ብጠይቅ እዚሁ እደሩ ይሉኝ ነበር፤ ያንን የመጦሪያ በር በመስኮት እያየሁ ማደሩን ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ! ነገ ግን እንዳታስረፍደኝ» አለች፤ ጫማዋንም አወለቀች።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ነበሩ። እስከ ሦስት ተኩል የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። እሷ ገባች፤ እሱ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የበሩን ሰዓት ያያል፣ ጫማውን ያያል፣ እንደገና ሰዓቱን ያያል። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ሚስቱ ወጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ግን እንደ ድሮዋ ልጅ ሆኗል።

«አወቀችኝ» አለች። «ገና ከበሩ ‹ማሙሽዬ› አለችኝ። ወንድ ልጅ ተመኝታ ስለነበር እንዲያ ነበር የምትጠራኝ። ስለ አንተም ጠየቀች፤ ‹ያ ካርታ ባልሽ ሰባት ዓመት መንገድ ጠፍቶት ነው?› አለች።»

ካርታ ሊስቅ ሞከረና አቃተው። «ስለ ቤቱስ?»

«ቤቴ ጠባብ ነው ብዬሻለሁና ይቅር በይኝ አልኳት። ‹ያኔ ሆድ ብሶኝ ነበር፤ አሁን ግን መጥተሻል› አለችኝ።»

«እሱ ነው ያለኝ አላልሻትም?»

«አላልኩም። እሷ ዘንድ አንተን ከስሼ ምን ላተርፍ?»

ተነሳና ገባ። ነርሷ «አሁን ደክሟታል፤ ባያስቸግሯት» ብትለውም አልቆመም። እቴቴ መስኮቱ አጠገብ ናት። ዓይኗ ፊቱን አልፎ ሰማያዊው ኮት ላይ አረፈ። ሰዓቷ አልፏል፤ አላወቀችውም።

«ፖስተኛ ነህ?» አለችው። «ደብዳቤ አለኝ?»

ካርታ በዕድሜው ሙሉ ደብዳቤ ለየ እንጂ ለሰው እጅ አድርሶ አያውቅም።

«አለዎት እትዬ» አለ።

«በል አንብብልኝ፤ ዓይኔ አያይም።»

ባዶ መዳፉን ዘርግቶ እንደ ወረቀት ያዘው።

«ለእትዬ። ቤታችን ጠባብ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እህትዎ አላለችም፤ በእሷ አፍ ነው የተናገርኩት። ቤቱ ጠባብ አልነበረም። የጓዳው ክፍል ያኔም ባዶ ነበር፤ ዛሬም ባዶ ነው። እርስዎን አይቼ የራሴን እርጅና ላለማየት ብዬ ነው። ሰባት ዓመት እህትዎ ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማለች። ይቅር ይበሉኝ።»

እቴቴ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ጣቷን አንስታ መዳፉን ነካ አደረገችው።

«ይሄማ የእኔ አይደለም ልጄ» አለች። «በአፏ የተነገረባት እሷ፣ ጥፋቱን የተሸከመች እሷ። ይቅርታውም የእሷ ነው። አድራሻ ስተሃል።»

ካርታ ዞረ። ሚስቱ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ። መዳፉን እንደዘረጋ ወደ እሷ ሄደ።

«ደብዳቤ አለሽ» አላት፤ ከመጀመሪያውም እንደገና ያነብላት ጀመር።