አያቶችዎ ከየት ናቸው?

እንጅባራ አጠገብ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ፣ የእግር እብጠት ጥናት ላይ ጠያቂ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ቀዩን አፈር በባዶ እግሩ የሚረግጠው ብዙ ነው፤ የሚያብጠው ግን የአንዳንዱ እግር ብቻ ነው። ተመራማሪው ምክንያቱን ደም ውስጥ ይፈልጋል። ከታመመውም ከጤነኛውም ደም እንወስዳለን፤ የአራቱንም አያቶች አገርና ቋንቋ እንጠይቃለን።

“ታማሚው ሁሉ የገጠር አገው፣ ጤነኛው ሁሉ የከተማ አማራ ከሆነብን፣ አዊኛ መናገር እግር ያሳብጣል ልንል ነው” ይል ነበር ተመራማሪው። “ከየት እንደተቀየጡ ሳናውቅ ማወዳደር አይሆንም።”

ችግሩ፣ እኛ ዘንድ አያት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው። ሰባት ቤት ሲቆጠር ዝምድናው ብቻ አይደለም፣ በሽታውም ይጣራል። ስለዚህ ስንጠይቅ፣ ሰው ሁሉ ሽማግሌ የተላከበት ይመስል ያማረ ያማረውን ዘር እየመረጠ ይነግረናል። እኔም በልቤ እስቅባቸው ነበር።

አንድ ቀን የማገባው ልጅ አባት ከጤነኞቹ ጋር ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ሽማግሌ ሊልኩ ጥቂት ቀን ቀርቷቸዋል፤ አባቴን አይተውት አያውቁም። እሱ ግን በግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ላይ ያውቃቸዋል። ይኸው አባቴ፣ ና ታከም እያልኩ ስጨቀጭቀው የከረምኩት፣ ያበጠ እግሩን እየጎተተ ገባ። ሲያያቸው ክው አለ። እኔም ክው አልኩ። ክፍሏ አንድ ናት፤ ሁሉም ይሰማል።

ፊት ለፊቴ ተቀመጠና “እንዴት ዋሉ፣ እመቤቴ?” አለኝ። የወለደኝ አባቴ!

አባቴ ነው ብል ትዳሬ ሊቀር ነው፤ ዝም ብል አባቴን ካድኩ። መውጫ አጣሁ። እንደ ባዳ ጠየቅሁት። “አራቱም አያቶቼ የአዘና አገው ናቸው” አለኝ። ዘራችን እንዳይገጥም፣ በጉልበቷ ያሳደገችውን የዳንግላዋን አማራ አያቱን ዘለላት።

“ልጅስ አለዎት?”

“የለኝም።”

ተመራማሪው መጨነቄን አይቶ ጠጋ አለና፣ “ቢዋሹም ግድ የለም። ቅይጡን ደሙ ራሱ ይነግረናል፤ ዘመዳሞችም ካሉ ይለያቸዋል” አለኝ በሹክሹክታ። የእኔም ደም ከጤነኞቹ ጋር ተቀምጧል። ማሽን የሚያውቀውን አባቴን እኔ እንደ ባዳ አየዋለሁ።

ሊነሳ ሲል እግሩ ከወንበሩ ተጋጨና አቃሰተ። ዘልዬ ያዝኩት።

“አባቴ ነው!” አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ።

አባቴ እጄን ቀስ ብሎ ከክንዱ አላቀቀና ወደ እጮኛዬ አባት ዞረ።

“ተሳስታለች፣ ጌታዬ። እኔ ልጅ አልወለድኩም” ብሏቸው ወጣ።